የፍራንቻይዝ ምዝገባ እና መረጃ የማሳወቅ ግዴታ

የፍራንቻይዝ ምዝገባ እና መረጃ የማሳወቅ ግዴታ ማለት፣ የንግድ ስሙንና አሠራሩን ሌላ ሰው በክፍያ እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ድርጅት ውል ከመፈረሙ በፊት ስለ ራሱ የተሟላ መረጃ በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ በአንዳንድ ቦታዎችም ሰነዱን በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ሕግ ነው። ስሙን የሚሰጠው ወገን ፍራንቻይዝ ሰጪ፣ ተቀብሎ የሚሠራበት ደግሞ ፍራንቻይዝ ተቀባይ ይባላል። ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያም ከሽያጩ ላይ በየጊዜው ድርሻ (ሮያሊቲ) ይሰጣል።

አስፈላጊነቱ

ሰጪው ስንት ቅርንጫፎች እንደተዘጉ፣ በፍርድ ቤት ስንት ክስ እንዳለበትና ኪሳራ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ተቀባዩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያየው የታወቀውን ስምና ማስታወቂያውን ብቻ ነው። ለሥራው የሚያውለው ገንዘብ የዓመታት ቁጠባው ወይም ቤት አስይዞ የተበደረው ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያውቅ ከፈረመ ጉዳቱ ከባድ ነው።

በአሜሪካ

በዩናይትድ ስቴትስ ፍራንቻይዝ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፍጥነት ሲስፋፋ ማጭበርበርም አብሮ በዛ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1970 ሕግ አውጥታ በ1971 ሥራ ላይ በማዋል የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆነች። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ በ1979 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2007 ተሻሻለ።

በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ሰጪው 23 ርእሶች ያሉት መግለጫ ሰነድ፣ ውል ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመቀበሉ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ለተቀባዩ መስጠት አለበት። በሰነዱ ውስጥ ከሚገኙት ዋና ዋናዎቹ፦

- የክስና የኪሳራ ታሪክ
- የመግቢያ ክፍያና ሌሎች ክፍያዎች
- ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው የገንዘብ ግምት
- ተቀባዩ የሚሠራበት ክልል የተጠበቀለት መሆን አለመሆኑ
- የተከፈቱና የተዘጉ ቅርንጫፎች ብዛት፣ የነባርና የወጡ ተቀባዮች አድራሻ
- በኦዲተር የተመረመረ የሒሳብ መግለጫ

ሰጪው «ይህን ያህል ታተርፋለህ» ማለት የሚችለው ስለ ገቢ ያለውን መረጃ በሰነዱ ውስጥ ካሰፈረና ማስረጃ ካለው ብቻ ነው።

የፌዴራሉ ደንብ ግን ምዝገባ አይጠይቅም፤ የተታለለ ተቀባይም በዚህ ደንብ ብቻ ራሱ ክስ መመሥረት አይችልም። የክፍለ ግዛቶች ሕግ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እንደ ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ ክፍለ ግዛቶች ሰነዱ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ምዝገባውም ይታደሳል። የሰጪው የገንዘብ አቅም ደካማ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ የመግቢያ ክፍያው ቅርንጫፉ እስኪከፈት ድረስ እንዲዘገይ ሊያዝ ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በመሆኑ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሕጎች በቀጥታ ይነኳቸዋል። በሜሪላንድ ምዝገባው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ በክፍለ ግዛቱ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን በኩል ይካሄዳል።

የቅርብ ጊዜ ለውጦች

ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የክፍለ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ያወጣው መመሪያ፣ ሰጪዎች ተቀባዩን «በቃል የተነገረኝን አምኜ አልገባሁም» የሚል መጠይቅ በማስፈረም ከኃላፊነት እንዳያመልጡ ይከለክላል። በሐምሌ 2024 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች በሰነዱ ያልተገለጸ አዲስ ክፍያ መጠየቅ ሕገ ወጥ መሆኑን አሳወቁ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ፍራንቻይዝ የሚያሻሽጡ ደላሎችም እንዲመዘገቡ የሚያደርግ ሕግ አወጣች።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የፍራንቻይዝ ሕግ የላትም። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፍራንቻይዝን ይጠቅሳል፤ የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይጠበቃል። ነገር ግን ከፊርማ በፊት መግለጫ ሰነድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ፣ ከአሜሪካው 14 ቀን ጋር የሚመሳሰል ድንጋጌ የለም። አሠራሩ ግን በሀገሪቱ አለ፤ ለምሳሌ ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. በበላያብ ፉድስ አማካይነት አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል። የኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች መክፈቱም የውጭ ስሞችን ቁጥር ሊጨምር ይችላል።

በዚህ ምክንያት መረጃ የመጠየቁ ኃላፊነት በተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ወይም በደሴ የታወቀ ካፌን ስም ይዞ በሐይቅ ከተማ ወይም በአምባሰል ወረዳ በውጫሌ ቅርንጫፍ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው፣ ምልክቱ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ሌላ ቅርንጫፍ አጠገቡ ሊከፈት ይችል እንደሆነ፣ ዕቃ ከማን ብቻ እንደሚገዛና ውሉ ሲያበቃ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ጠይቆ መልሱ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ማድረግ ይኖርበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራልና፣ በቃል ብቻ የቀረ ተስፋ በክርክር ጊዜ ለማስረዳት ያስቸግራል።

የተታለለ ሰው በተንኮል የተደረገ ውል እንዲፈርስ በቁጥር 1704 መሠረት መጠየቅ ይችላል። ሆኖም በቁጥር 1810 መሠረት ክሱ ውሉን የሚያፈርሰው ምክንያት ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህ መፍትሔ ግን የሚመጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ምዝገባ ከዚህ የሚለየው ከክፍያው በፊት በመሆኑ ነው።