«እኔ አልችልበትም» ከማለትዎ በፊት

ይህን ዓረፍተ ነገር ከእናትዎ፣ ከአክስትዎ ወይም ጡረታ ከወጡት አባትዎ ስንት ጊዜ ሰምተዋል? «ይሄን ነገር እኔ አልችልበትም፤ እስቲ አንተው ንካልኝ።» ስልኩ ይዘረጋል፤ የሚስጥር ቁጥሩም ጎረቤት እየሰማ ይነገራል። እርስዎ በሦስት ሰከንድ ጨርሰው ይመልሱላቸዋል። እሳቸውም ይመርቁዎታል። ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል።

እኔ ግን ይህች ምርቃት ታሳስበኛለች። የምኖረው ቦንጋ ነው፤ ሥራዬም ማርኬቲንግ። በገበያ ቀን ከወጣሁ ሰው ስልኩን እንዴት እንደሚነካ ማየት ልማዴ ሆኗል። ማር፣ ኮረሪማና ቡና የሚሸጡ እናቶች ዛሬ የብዙ ቀን ድካማቸው ያለው መቀነታቸው ውስጥ ሳይሆን ስልካቸው ውስጥ ነው። ያን ገንዘብ ለማየት ግን ብዙዎቹ የሰው ዓይንና የሰው ጣት ይጠብቃሉ። ቀሪ ሒሳባቸውን የሚያውቀው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ኮዳቸውን የሚያውቀውም እሱ ነው። ልጁ ጨዋ ከሆነ እሰየው። ካልሆነስ?

እነዚህ እናቶች የኪሎውን ዋጋ፣ የብድሩን ወለድ፣ የዕቁቡን ተራ በቃላቸው የሚይዙ ናቸው። በሒሳብ የሚታሙ አይደሉም። ታዲያ ስልኩ ላይ ሲደርሱ ምን ነካቸው? የኔ መልስ አጭር ነው፤ እነሱን ምንም አልነካቸውም፤ ስክሪኑ ነው በደንብ ያልተሠራው።

ይህን ጉዳይ የሚመለከት አንድ ሙያ አለ፤ የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይን ይባላል። ስያሜውን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፕል ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዶናልድ ኖርማን ነው። ኖርማን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ በር ጽፏል፤ ስለ ተራ በር። የሚገፋ በር ላይ የሚሳብ እጀታ ከተገጠመ ሰው ይስባል። በሩ እምቢ ሲለው ያፍርና ዙሪያውን ይመለከታል። ኖርማን «አትፈር፤ ጥፋቱ የበሩ ነው» ነው የሚለው። ዛሬ የዚህ ዓይነት በር በስሙ «የኖርማን በር» ይባላል። እርስዎም በየባንኩና በየሆቴሉ መግቢያ ሳይገፉ ስበው እንደሚያውቁ እገምታለሁ።

ለእኛ ለካፋ ሰዎች ከበሩ ይልቅ ጀበናው ይቀርበናል። ጀበና እንዴት እንደሚያዝ የሚያስረዳ መመሪያ አይተው ያውቃሉ? እጀታው እጅን ይጠራል፤ አፉ ወዴት እንደሚቀዳ ያሳያል፤ ቂጡ ክብ ስለሆነ ማረፊያው ማቶት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ ይገባዋል። ጥሩ ዲዛይን ማለት ይኼው ነው። አንድ የስልክ መተግበሪያ «አጠቃቀሙን የሚያሳይ ቪዲዮ ይመልከቱ» እያለ የሚለማመጥዎ ከሆነ ግን እጀታውን ረስተውታል ማለት ነው።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለው። ቴሌብር ሲጀምር በአምስት ቋንቋ ነበር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ። ለብዙ ሚሊዮን ሰው ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ካፊኖኖ ግን ከአምስቱ አንዱ አልነበረም። ከቦንጋ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ አማርኛን በገበያ ብቻ የሚናገሩ ሴትዮ «ማረጋገጫ ኮድ ያስገቡ» የሚል ሲመጣባቸው የሚገጥማቸውን አስቡት። ካፊኖኖ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ስለዚህ የቤቱ ሕፃን ሁለቱንም ፊደል ሲያነብ አያቱ አንዱንም ላያነቡ ይችላሉ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ስልክ ላይ ማለት ነው።

አማርኛውም ቢሆን ጣጣ አለው። «ክፍያውን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ከሥሩ «ሰርዝ» እና «እሺ» የሚሉ ሁለት ቁልፎችን ይዞ ሲመጣ የትኛውን ይነካሉ? «ሰርዝ» ክፍያውን ይሰርዛል ወይስ መሰረዙን ይሰርዛል? እኔ ዲግሪ ይዤ እንኳ ቆም ብዬ አስባለሁ። «ክፍያውን ተው» እና «ወደ ክፍያው ተመለስ» ቢሉት ምን ነበረበት? ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ቁልፍ ነው ይህን የሚያመጣው።

ሌላም አለ። አንዳንዱ መተግበሪያ «አስገባ»፣ «ላክ»፣ «ምረጥ» እያለ ያዛል። እንግሊዝኛው ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ አይለይም። አማርኛ ግን ይለያል። የሰባ ዓመት እናት «አንተ» እየተባሉ ሲታዘዙ ነገሩ ለእሳቸው እንዳልተሠራ ከመጀመሪያው ስክሪን ይገባቸዋል። «ያስገቡ»፣ «ይላኩ» ማለት አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ የሚጠቀሙት ደግሞ የራሳቸው ፈተና አላቸው። በ*127# ወይም በ*847# ሲገቡ የሚመጣው ሜኑ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ጠባብ ነው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ከሆነ 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ። የኮድ ሜኑውም ተመሳሳይ ጥበት አለበት። ስለዚህ ቃሉ ይቆረጣል፤ ያጥራል፤ ትርጉሙም አብሮ ያጥራል። ጥቂት ከዘገዩ ደግሞ ይዘጋብዎታል፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ለዚህ የራሳቸውን መላ አበጅተዋል፤ ቅደም ተከተሉን እንደ ዜማ በቃላቸው ይይዙታል። አንድ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ከዚያ ብሩ። ድርጅቱ «አሻሽያለሁ» ብሎ የሜኑውን ተራ የቀየረ ቀን ግን ዜማው ይሰበራል። መሻሻሉ ለማን እንደሆነ የሚጠየቀው ያኔ ነው።

ጣትም እንደ ጣቱ ነው። የስማርት ስልክ መስታወት የሚሠራው ጣታችን ሲነካው በራሱ የኤሌክትሪክ መስክ ላይ የሚፈጠረውን ጥቃቅን ለውጥ በመለየት ነው። ዕድሜ ልኩን ቡና ሲለቅም፣ እንጨት ሲሸከም የኖረ ጣት ቆዳው ይደድራል፤ መስታወቱም አንዳንዴ አይሰማውም። ጎግል ለመተግበሪያ ሠሪዎች የሚመክረው አንድ ቁልፍ በግምት 9 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ነው። ይህን የማያሟሉ ቁልፎች በየስልካችን ሞልተዋል። «ላክ» እና «ተመለስ» ተጠጋግተው ሲቀመጡ ደግሞ ነገሩ ወደ ገንዘብ ይዞራል።

«እኛ ስላልተማርን ነው» ለሚሉ እናቶች የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 የአሜሪካው ሲቲባንክ የሬቭሎን ኩባንያ አበዳሪዎች ለሆኑ ድርጅቶች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ሊልክ ነበር። የላከው ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዋናው ገንዘብ ተይዞ ወለዱ ብቻ እንዲወጣ ሦስት ሳጥኖች ላይ ምልክት መደረግ ነበረበት፤ የተደረገው አንዱ ላይ ብቻ ነው። ስክሪኑን ሦስት ሰዎች አይተው አጽድቀውታል። ሦስቱም ልክ መስሏቸዋል። ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋውን ተቀባዮቹ አንመልስም ብለው ክርክሩ እስከ 2022 በፍርድ ቤት ተጎትቷል። እነዚህ ሙያተኞች ናቸው፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ይህንኑ ስክሪን ለማየት ነው። እናትዎ ለብቻቸው፣ መነጽር ሳያደርጉ፣ ድስት ጥደው ነው የሚልኩት።

መፍትሔው ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ኬንያ ውስጥ በኤም-ፔሳ ቁጥር ተሳስቶ ለማይታወቅ ሰው መላክ የዕለት ተዕለት ራስ ምታት ነበር። በኋላ «ሃኪኪሻ» የሚባል ነገር መጣ፤ በስዋሂሊ «አረጋግጥ» ማለት ነው። ብሩ ከመውጣቱ በፊት የተቀባዩ ስም ይታያል፤ ላኪውም ለማቆም ጥቂት ሰከንድ ይሰጠዋል። ይኸው ነው። አንድ ስምና ትንሽ ጊዜ። በእኛም አገር መተግበሪያዎች ስም ማሳየት ተለምዷል፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጻፍ ማንበብ ለማይችሉት እንደሌለ ይቆጠራል።

ከገንዘብ ወጣ ስንል፣ እርስዎ ራስዎ ቅጽ ሲሞሉ የሚናደዱበትን ላስታውስዎ። ውጭ አገር የተሠራ ድረ ገጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቅዎታል። የእርስዎ የቤተሰብ ስም ምንድን ነው? የአባት ነው ወይስ የአያት? ልጅዎ ደግሞ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ እናቲቱና ልጁ በቅጹ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። ወደ ቀኑ ሲመጡ ወሮቹ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጳጉሜን የተወለደች ልጅ ቦታ የላትም። ዓመቱ በእኛ ይሁን በእነሱ አይጻፍበትም፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ቲኬት ላይ «7:00» ሲያዩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መሆኑን ከቦንጋ አዲስ አበባ ለሕክምና የሚሄዱ አባት በምን ያውቃሉ? 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው በሰዓት አቆጣጠር ቀጠሮ ማጣት ያንገበግባል። በራሳችን ሰዎች የተሠሩ መተግበሪያዎች እንኳ ይህን ሲዘነጉ ሳይ ግን ይበልጥ ይገርመኛል። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃ ነበር።

ስም መፈለግም እንዲሁ ነው። ስልክዎ ላይ «ኃይሉ» ብለው መዝግበው «ሀይሉ» ብለው ቢፈልጉት «አልተገኘም» ሊልዎ ይችላል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሩብ ክፍለ ዘመን አልፎታል። ፊደሉ ገብቷል፤ ልማዳችን ገና አልገባም።

አነስተኛ ንግድ ያለዎት ከሆነ ይህን ቢሞክሩ አይቆጭዎትም። ያዕቆብ ኒልሰን የሚባል የዘርፉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈው ምክር አለ፤ የአንድን ገጽ ዋና ዋና ችግሮች ለማግኘት አምስት ሰው ይበቃል የሚል። አምስት ሰው አስቀምጠው «ከዚህ ላይ አንድ ኪሎ ማር እዘዙ» ይበሏቸው፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። እኛ በአንድ የማር ማዘዣ ገጽ ላይ ስንሞክረው ሰዎቹ «ወደ ቅርጫት ጨምር» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንዷ ሴትዮ «ማር በቅርጫት? ይፈስ የለም እንዴ?» አሉ። ሳቅንና «ልግዛ» ብለን ቀየርነው።

ለቤትዎ ግን ፕሮግራመር አያስፈልግዎትም። በሚቀጥለው እሑድ ቡናው እስኪፈላ የእናትዎን ስልክ ይጠይቁና ወደ ማስተካከያው ገብተው የፊደሉን መጠን ያሳድጉ። ብዙ ሰው ይህ መኖሩን አያውቅም። የመተግበሪያውን ቋንቋ እሳቸው ወደሚያነቡት ይቀይሩ። ዘወትር የሚልኩላቸውን ሦስት አራት ሰዎች እሳቸው በሚጠሯቸው ስም ይመዝግቡ፤ «አበበች» ሳይሆን «እትዬ አቡ» ከሆነ የሚሉት እንደዚያው፤ ፎቶም ቢኖር ጥሩ ነው። የማይጠቀሙባቸውን መተግበሪያዎች ከፊት ገጹ ያንሱላቸው።

ከዚያ ስልኩን ይመልሱና አሥር ብር ለእርስዎ እንዲልኩ ይጠይቋቸው። እጅዎን ይሰብስቡ። ሲሳሳቱ አይንጠቁ፤ «እዚህ ጋ ምን ይላል?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈጃል፤ ምናልባት ሁለት እሑድ። ስሙ ሲመጣ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ማንበብ ካልቻሉ የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ከወረቀት ጋር ያስተያዩ። የሚስጥር ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ እርስዎ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩ።