ሲናሩ ሳይታይ

የጌዴኦው ባንኮ ጎቲቲ ሲባል ሁሉም ሰው ቡና ያስባል። ቀበሌውን ያስጠራውም ቡናው ነው። ከቡናው በላይ፣ ብርዱ በሚጠነክርበት ደጋ ግን ገበሬው ገብስና ስንዴም ይዘራል። ማሳው ሰፊ አይደለም፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ያለች ቁራሽ መሬት ናት።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት እንዲህ ያለች ማሳቸውን እንድመለከትላቸው ጠሩኝ። ስንዴው ዛላ አውጥቷል። ከዛላው በላይ ደግሞ ፍሬው ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሣር ማሳውን ሸፍኖታል። ሲናር ነው።

«ልጄ፣ መድኃኒት አስረጭቼ ነበር እኮ» አሉኝ። ጠርሙሱን ሲያመጡልኝ ቱ-ፎር-ዲ ሆኖ አገኘሁት። ይህ መድኃኒት የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን አረም ነው፤ ሣርን አይነካም። ሌላው አረም ሲሞት ሲናሩ ብርሃኑንም ማዳበሪያውንም ከስንዴው ጋር ተሻማ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ከማሳው ግርጌ ያለው ቡና ነው። ቡናም ቅጠለ ሰፊ ነውና ነፋስ የወሰደው ጠብታ ይጎዳዋል።

ስህተቱን በእሳቸው ላይ መጫን አልችልም። «የስንዴ አረም መድኃኒት» ተብሎ ነው የተሸጠላቸው። እኔም በግብርና ሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ማሳውን ጎንበስ ብዬ ሳላይ፣ አረሙ ሣር ይሁን ቅጠለ ሰፊ ሳልጠይቅ «አስረጩ» ያልኩበት ጊዜ ነበር።

ሲናር በቡቃያነቱ ከስንዴ ጋር ይመሳሰላል። ለአራሚ ሴቶች ሁልጊዜ የማሳየው አንድ ምልክት አለ። ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ስንዴ እዚያ ላይ አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች አሉት፤ ሲናር ግን ጆሮ የለውም። ይህን በእጃቸው የለዩ ሴቶች ዛላ እስኪወጣ አይጠብቁም፤ በተዘራ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ነቅለው ይጨርሱታል።

በወንጌሉ ምሳሌ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው እንዲያድጉ ተትተዋል። እንክርዳድ ፍሬውን ይዞ ስለሚቆይ ከስንዴው ጋር ይታጨዳል። ሲናር ግን በአብዛኛው እስከ መከር አይቆይም። ስንዴው ሳይደርስ አብዛኛውን ፍሬውን ያራግፋል፤ በፍሬው ላይ ያለው የታጠፈ ጭራ እርጥበት ሲያገኝና ሲደርቅ እየተጠማዘዘ ዘሩን አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። የተቀበረው ዘር ሁሉ በአንድ ዓመት አይበቅልም፤ ገሚሱ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ማሳው ላይ ዘንድሮ የምናየው ሲናር የከረመ ዕዳ ነው።

ለሣር አረም የሚሆን መድኃኒት የለም አልልም። ፓላስ አለ፣ ቶፒክ አለ። በጊዜውና በመጠኑ ከተረጩ ይሠራሉ። ግን አንዱን መድኃኒት በየዓመቱ የሚደጋግም ገበሬ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋመውን ጥቂት ሣር ራሱ መርጦ እያባዛ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዞች የስንዴ ማሳ ውስጥ ጥቁር ሣር የሚሉት አረም አለ። መድኃኒት እንደተላመደ የታወቀው በእነሱ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ዘሩን አዘግይተው፣ የመጀመሪያውን የሣር ቡቃያ አጥፍተው ወደ መዝራት ተመልሰዋል። ይህም የእኛ ገበሬ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ደጋግሞ በማረስ ሲያደርገው የኖረው ነገር ነው።

አርሲ ውስጥ ስንዴ በስንዴ ላይ በሚዘራበት አካባቢ ኮምባይነሩ ራሱ የሲናርን ዘር ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ያዞራል። ባንኮ ጎቲቲ ላይ ኮምባይነር የለም። ታዲያ ሲናሩ በምን መጣ? እናታችንን ዘሩን ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው ከገበያ ነው አሉ። የተረፈችውን ጥቂት ዘር ሰፌድ ላይ አፈሰስናት። ቀጠን ያሉ፣ ጠጉራም፣ ጠቆር ያሉ ፍሬዎች በስንዴው መሀል ነበሩ። ዝም ብለው ቆዩና «እኔው ነኝ የዘራሁት» አሉ።

ከማሳው ወርደን ቡናው ውስጥ ገባን። በዋንዛውና በብርብራው ጥላ፣ በረገፈው ቅጠል ጉዝጓዝ ሥር ሣር ብዙም አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር አረምን የሚከላከለው እንዲህ ነው፤ ሣሩ ከመብቀሉ በፊት ብርሃኑን ይነሳዋል። ስንዴ ጥላ አይወድም፤ ሣርን ሳይበቅል መቅደም ግን ለስንዴውም ይሠራል። እናታችን ዘንድሮ ያቺን ማሳ ባቄላ ይዘሩባታል። በባቄላ መሀል የበቀለ ሣር ሁሉ ባዕድ ስለሆነ ልጅም ቢሆን ለይቶ ይነቅለዋል።

ለመጪው ክረምት የስንዴ ዘር ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ከጆንያው አንድ ጣሳ ቀንሳችሁ ዛሬውኑ ሰፌድ ላይ አፍስሱና እዩት።