የተኛው ጀርም

አንድ የክፍላችን ልጅ ታላቅ ወንድሙ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ስለ ነበር፣ አብረው የኖሩ ሁሉ ይመርመሩ ቢባል «ጤነኛ ሰው መድኃኒት ለምን ይውጣል?» ብሎ እምቢ አለ።

ሮበርት ኮኽ በ1882 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ይህ ጀርም በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ታፍኖ ይተኛል። እንዲህ ያለው ሰው አይታመምም፤ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። ነገር ግን ካልታከሙ ከ100ው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በዕድሜአቸው አንድ ቀን ይታመማሉ፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ላለበትማ አደጋው እጅግ ይበዛል።

ምርመራው በክንድ ቆዳ ላይ የሚደረግ መርፌ ነው፤ ውጤቱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይነበባል። በደምም ይመረመራል። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት አለመኖሩን ያጣራል፤ በሽታው ነቅቶ ሳለ አንድ መድኃኒት ብቻ ቢሰጥ ጀርሙ ይለምደዋልና። ከዚያም አይሶኒያዚድ በየቀኑ ለ6 ወር፣ ወይም ከሪፋፔንቲን ጋራ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ወር ይዋጣል።

ጓደኛችንም ይህን ሰምቶ «ሰኞ እሄዳለሁ» ብሏል። አንባቢ ሆይ፣ ከበሽተኛ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ኖረህ እንደ ሆነ አንተ ሰኞን አትጠብቅ።