ባትሪው ከመቀየሩ በፊት፦ የመኪናን የማስነሻና የቻርጅ ሥርዓት ስለ መመርመር



መኪና ጧት አልነሣ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሲሳሳት ግን ባለቤቱ ውድ ዕቃ ገዝቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደዚያው ችግር ይመለሳል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው፣ ብልሽት የሚታወቀው ዕቃ በመለዋወጥ ሳይሆን በመለካት እንደ ሆነ፣ ልኬቱም እውነቱን የሚናገረው ከረንት በሚፈስበት ጊዜ እንደ ሆነ ነው።

ሥርዓቱ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ባትሪው ኃይል ያከማቻል፤ ሞተሪኖው ያንን ኃይል በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስቦ ሞተሩን ያዞራል፤ ዲናሞው የወጣውን ይተካል። ሦስቱ የተሳሰሩ በመሆናቸው የአንዱ ሕመም በሌላው ላይ ይታያል። ዲናሞው መሥራት ሲያቆም መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪው ነው።

ምርመራው ከዕረፍት ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት የቆየ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል። ይሁንና ቮልቲሜትር የሚስበው ከረንት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ያረጀ ባትሪም 12.6 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ማርሹን ዜሮ አድርገን፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘን፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እንለካለን። ሙሉ የነበረው ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው።

ባትሪው ሳይወርድ ሞተሪኖው እየተንቀራፈፈ ቢዞርስ? ያን ጊዜ መንገዱን እንጠርጥር። አንዱን የመለኪያ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ላይ አድርገን ቁልፉ ሲዞር ስናነብ ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም። ከፖዘቲቩ ራስ እስከ ሞተሪኖው ያለው ደግሞ ከ0.5 ቮልት ባይበልጥ ይመረጣል። ምክንያቱን የኦም ሕግ ይነግረናል። በዛገ መጋጠሚያ ላይ ያለ 0.01 ኦም ሬዚስታንስ፣ 200 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት ይበላል፤ ይህም 400 ዋት በከንቱ ወደ ሙቀት ተለወጠ ማለት ነው። ተራ ኦምሜትር ይህን ጥቂት ሬዚስታንስ ለይቶ አያሳይም፤ የገዛ ገመዶቹ ሬዚስታንስ ከዚያ ይበልጣልና። ዝገቱ በገመዱ ልባስ ሥር ከተደበቀ ዓይንም አያየውም።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በባትሪው ራሶች ላይ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ይጠበቃል። ከ13 በታች ከሆነ የችንጋውን መላላት፣ ግንኙነቶቹን፣ ከዚያም ዲናሞውን እንመርምር። ከ15 በላይ ከሆነ ተቆጣጣሪው ላይ ጥርጣሬ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ዲናሞ የሚለው ስም ከቀድሞው መሣሪያ የተወረሰ ነው፤ ዛሬ መኪና ላይ ያለው ግን ተለዋዋጭ ከረንት አመንጭቶ በዳዮዶች የሚያቀና አልተርኔተር ነው። ባትሪው በድንገት ሲነቀል ቮልቴጁ ለቅጽበት በብዙ እጥፍ ሊያሻቅብና ዳዮዶቹንም ሆነ የመኪናውን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ይችላል።

ሁሉም ደኅና ሆኖ መኪናው ቆሞ ሲሰነብት ባትሪው ከወረደ፣ የሚቀረው ድብቅ ፍጆታ ነው። የመኪናው ኮምፒዩተሮች ካረፉ በኋላ ፍጆታው በተለምዶ ከ50 ሚሊአምፔር አይበልጥም። 300 ሚሊአምፔር ከሆነ ግን በቀን 7.2 አምፔር ሰዓት ይወጣል፤ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪም በስምንት ቀን ገደማ ያልቃል። ፊውዞችን በየተራ እየነቀሉ ፍጆታው የሚቀንስበትን መስመር መለየት ይቻላል።

ውድ ተማሪዎች፤ አዲስ ባትሪ ጉልበት ስላለው የዛገውን መንገድ ለጊዜው አሸንፎ ያልፋል፤ ስለዚህ ብልሽቱ ሳይጠገን የተጠገነ ይመስላል። ሥራችሁን በዚህ አትለኩት። መኪናው በመነሣቱ ብቻ ረክታችሁ አትሰናበቱ፤ ለምን እንዳልተነሣ በቁጥር ማስረዳት ስትችሉ ብቻ ምርመራው ተጠናቋል በሉ።