ማርሹ አልገባም ሲል፦ የአሮጌ ጀልባ ሞተር ፍተሻ

 የዛሬው ክፍል ስለ አሮጌ የጀልባ ሞተር ነው። "ረሆቮት ባሕር የላትም፣ አንተን ከጀልባ ጋር ምን አገናኘህ?" እንዳትሉኝ። አሽዶድ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት፤ እኛም ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ከኋላዋ አሮጌ ሞተር የተንጠለጠለባት ትንሽ ጀልባ ገዝተናል።

ባለፈው ነሐሴ ከባሕር ስንመለስ፣ ጀልባዋን ለማቆም ኋላ ማርሽ ላስገባ እጀታውን ሳብኩ። እጀታው መጣ፣ ማርሹ ግን አልገባም። ጀልባዋ ዝም ብላ ወደ መቆሚያው ሄደች። ጓደኛዬ በእግሩ ሊያቆማት ዘረጋ፤ እግሩን በሰበሰበበት ቅጽበት ጎኗ ሲሚንቶውን መታው። ትንሽ ቢዘገይ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

አንድ ባለሙያ ሞተሩን ሳይነካ "ካምቢዮው አልቋል፣ ሌላ ግዙ" አለን። ዋጋው ጀልባዋን ከገዛንበት ብዙ አያንስም። ዕድሜያቸውን በሙሳኽ ያሳለፉት አጎቴ ግን "ከእጅህ ጀምረህ እስከ ፕሮፔለሩ አንድ በአንድ ፈትሽ፤ ካምቢዮ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው" አሉኝ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ታች፣ ውኃ ውስጥ በሚገባው ክፍል፣ ሁለት ጥርሳም ማርሾች አሉ። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ሁለቱም ይሽከረከራሉ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። በመካከላቸው ከፕሮፔለሩ ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞር ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። እጀታውን ስትገፉ ቀለበቱ ተንሸራቶ ከአንዱ ማርሽ ጋር ይቆላለፋል። መሀል ሲቆም ፍሪ ነው። እንደ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ የሚዞር ብረት ከሌላ ብረት ጋር በቀጥታ ነው የሚያያዘው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ የካንዴላዎቹን ገመድ ንቀሉ። ፕሮፔለር በእጅ ሲዞር ሞተር ሊነሳ ይችላል፤ በጣት አይቀለድም።

አንደኛ፣ ገመዱ። ከእጀታው የሚመጣውን የማርሽ ገመድ ከሞተሩ ጫፍ ፍቱትና እጀታውን አንቀሳቅሱ። ከከበደ፣ ችግሩ ገመዱ ወይም የእጀታው ሳጥን ነው። ከዚያ ሞተሩ ላይ ያለውን የማርሽ ክንድ በእጃችሁ ግፉ፣ ሌላ ሰው ፕሮፔለሩን ቀስ እያለ ያዙር። ሳታዞሩ በኃይል አትግፉ፤ ጥርስና ጥርስ ፊት ለፊት ከገጠሙ አይገባም፣ ማያያዣው ይጣመማል። ፍሪ ላይ ፕሮፔለሩ በነፃ መዞር አለበት፣ ኋላ ማርሽ ላይ መያዝ አለበት። በእጅ በደንብ ከገባ ካምቢዮው ደህና ሳይሆን አይቀርም። የእኛም እንዲህ ሆነ፤ ገመዱን ጨው በልቶት ውስጡ ተጣብቆ ነበር። እንዲህ የደረሰ ገመድ ይቀየራል እንጂ በዘይት አይድንም። አዲሱ ሲገባ፣ እጀታው ፍሪ ላይ ሲሆን ታችም ትክክል ፍሪ እንዲሆን ይስተካከላል።

ሁለተኛ፣ ሚኒሞ። ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በጣም የሚፈጥን ከሆነ ማርሹ እየጮኸ ነው የሚገባው። ትክክለኛው ዙር በሞተሩ ማኑዋል ላይ አለ።

ሦስተኛ፣ ፕሮፔለሩ። ማርሽ ገብቶ፣ ሞተር እየጮኸ፣ ጀልባዋ ግን ካልሄደች፣ ካምቢዮውን ከመክሰሳችሁ በፊት ፕሮፔለሩን እዩ። በብዙዎቹ መሀሉ ላይ ጎማ አለ፤ ሲያረጅ ይንሸራተታል። ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩና ነድታችሁ ተመለሱ። መስመሩ ከተቆረጠ ጎማው ነው። በትንንሽ አሮጌ ሞተሮች ደግሞ፣ ድንጋይ ሲመታ ማርሹን ለማዳን ብሎ የሚሰበር ቀጭን ፒን አለ።

አራተኛ፣ ዘይቱ። የታችኛውን ብሎን ፈታችሁ በንጹሕ ዕቃ ተቀበሉት። እንደ ወተት ቡና ከነጣ ውኃ ገብቷል፣ መከላከያ ጎማዎቹ ይቀየራሉ። ትንሽ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብረት ያለ ነው። የጥርስ ስባሪ ካገኛችሁ ግን፣ አዎ፣ ያኔ ካምቢዮው ይከፈታል። አዲሱን ዘይት ከታች ወደ ላይ ሙሉ፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ፤ አለበለዚያ አየር ይቀራል።

አምስተኛ፣ ገመዱ ተስተካክሎም ጋዝ ስትሰጡ ማርሹ ራሱ ዘሎ ከወጣ፣ የቀለበቱ ጥርስ ጠርዝ ተበልቷል ማለት ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ጥርሱን ማን በላው? እኛው። እኔ ሞተሩ አሮጌ ስለሆነ አዝኜለት ማርሹን ቀስ ብዬ ነበር የማስገባው፤ "ግርርር" ሲል እርጅና ነው እል ነበር። አጎቴ ሰምተው ሳቁ። "እየራራህለት እኮ ነው የምትገድለው!" ፍሪሲዮን የለውም ብዬ አልነበር? ቀስ ባላችሁ ቁጥር ጥርስ ጥርስን እየመታ ይሞርደዋል። ስለዚህ ጋዙን ሙሉ በሙሉ መልሱ፣ ሞተሩ ይረጋጋ፣ ከዚያ በአንድ ቁርጥ ያለ እንቅስቃሴ አስገቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ስትሞክሩት ያለ ውኃ አታስነሱት፤ የውኃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። በቱቦ ውኃ እየሰጣችሁ ማርሽ የምትሞክሩ ከሆነ ፕሮፔለሩን አውጡ።

አሁን እኛ ወደብ ከመግባታችን በፊት፣ ገና ሰፊው ውኃ ላይ ሳለን፣ ኋላ ማርሹን እንሞክራለን። እምቢ ካለ እዚያው ነው ማወቅ ያለብን። አጎቴ ልጅ ሳሉ ጎርጎራ፣ ጣና ላይ ያዩት ታንኳ ማርሽ አልነበረውም፤ ለእኛ የሰጡን ምክር ግን ከዚያ የመጣ ነው፦ "መቅዘፊያ ሳትይዙ እንዳትወጡ።" ይዘናል። እግርም ከጀልባ ውጭ አይዘረጋም።

እስከሚቀጥለው ክፍል፣ ሰላም ሁኑ።