ማርሚታ የሚበላው ከውስጥ ነው

አዲስ አበባ፣ መሳለሚያ ላይ በእህል ጆንያ መካከል እየተሹለከለከ የሚያልፈው ሞተር ሁሉ ከጎኑ ማርሚታ፣ ማለትም የጢስ ማውጫ፣ ታቅፏል። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ድስት ማለትም ነው። ይስማማዋል፤ ሙቀት፣ ጥላሸትና ውሃ አብረው የሚታመቁበት ዕቃ ነውና።

ውሃውን ብዙ ሰው አያስበውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወልዳል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል። ከመሳለሚያ አውቶቡስ ተራ ደርሶ የሚጠፋ ሞተር ግን ማርሚታው በቅጡ ሳይግል ይበርዳል፤ እንፋሎቱ ሆዱ ውስጥ ይንጠባጠብና ከጢሱ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን ይበላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥላሸቱም ይጨምራል።

የመጀመሪያ ማርሚታዬን የገዛሁት ፊቴን እንደ መስታወት ስላሳየኝ ነበር። ሁለት ክረምት አልዘለቀም። ያ ብልጭታ ክሮም ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዝገትን በዋናነት የሚመክተው ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው፤ እሱም ከክሮሙ በብዙ እጥፍ መወፈር አለበት። በኤሌክትሪክ የሚነክረው ባለሙያ ኒኬሉን ቢቆጥብ በግዢው ቀን ማንም አያውቅበትም። ስለዚህ አሁን የማየው የመታጠፊያውን ውስጠኛ ጎንና የብየዳውን ጥግ ነው። የመንከሪያው ኤሌክትሪክ እዚያ ስለሚደክም ቅቡ ቀድሞ የሚሳሳው እዚያው ነው።

ስቴንለስ ሌላ ነገር ነው፤ ክሮሙ የተቀባ ሳይሆን ከብረቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ነው። ቢጫርም ቆዳውን መልሶ ያበጃል። «ማግኔት ካልያዘው ስቴንለስ ነው» የሚለው የገበያ ብልሃት በግማሽ ይሠራል። 304 የሚባለው 18 በመቶ ክሮምና 8 በመቶ ኒኬል ስላለው ማግኔት አይስበውም። 409 ግን 11 በመቶ ገደማ ክሮም ይዞ ይሳባል፤ ፋብሪካዎችም ለጢስ ማውጫ በብዛት የሚጠቀሙት እሱን ነው። ማግኔት የያዘውን ሁሉ ጥቁር ብረት ነው ብሎ መጣል ስህተት ነው።

ስቴንለሱ ከሞተሩ አንገት አጠገብ ወርቃማና ሰማያዊ ሲሆን ብዙዎች ተበላሸ ብለው በሽቦ ይፈገፍጉታል። ቀለሙ ሙቀት የፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ብቻ ነው። ተራ የብረት ሽቦ ግን ብናኙን ትቶበት ይሄዳል፤ በኋላ የሚዝገው ያ ብናኝ ነው።

ጥቁር ቀለም የተቀባውን ማርሚታ ማንም አያደንቀውም። እኔ እወደዋለሁ፤ ውጪው ሲዝግ አይደብቅም፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ሙቀት የሚችል ቀለም ሊቀባ ይችላል።

ብዙ ማርሚታዎች ከሆዳቸው ሥር የስፒል ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አላቸው። ብልሽት መስሏቸው ለበያጅ ወስደው የሚያስደፍኗት አሉ። ፋብሪካው የተዋት ያ ውሃ እንዲንጠባጠብባት ነው።