የቆላ ቤትና አዲሱ ማኅቶት

በአንገር ወንዝ ሸለቆ፣ ከነቀምት በስተሰሜን በምትገኘው በአንገር ጉቲን፣ የቤቱ ቆርቆሮ የቀኑን ፀሐይ ገና ተፍቶ ሳይጨርስ አምፖል የሚያበራ ሰው በሙቀት ላይ ሙቀት እየጨመረ መሆኑን አያስተውል ይሆናል፤ ነገር ግን የቀድሞው አምፖል ብርሃን የሚሰጠው በመስታወቱ ውስጥ የተዘረጋችው የተንግስተን ሽቦ እስክትፍም ድረስ ስትግል ስለሆነ፣ ከሚበላው ኃይል ከመቶ አሥሩን እንኳ ወደ ብርሃን ሳይለውጥ የቀረውን ሁሉ በሙቀት መልክ ያባክነዋል።

ኤልኢዲ የሚባለው አዲሱ ማኅቶት የሚግል ሽቦ የለውም። ነጩን የፕላስቲክ ቆብ ነቅሎ ላየው ሰው፣ በክብ የአልሙኒየም ሰሌዳ ላይ ምስር የሚያህሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ተደርድረው ይታዩታል። ቢጫነታቸው የላይኛው ቅብ ነው፤ ከቅቡ ሥር ያለችው ቅንጣት የምታወጣው ሰማያዊ ብርሃን ሲሆን፣ ቅቡ ከፊሉን ወደ ቢጫ ለውጦት ሁለቱ ሲዋሐዱ ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ። ቀዩና አረንጓዴው ቀደም ብሎ ተገኝቶ ሳለ ሰማያዊው ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን ስላስቸገረ፣ መንገዱን የከፈቱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

የ60 ዋቱን አምፖል ሥራ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሠራል። አራት አምፖል በየምሽቱ አምስት አምስት ሰዓት የሚያበራ ቤተሰብ በቀድሞው አምፖል በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ በኤልኢዲ ግን 5.4 ብቻ ይፈጃል፤ ታሪፋችንም በእርከን ስለሚሄድና ርካሹ እርከን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ስለሚያበቃ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ቆጣሪውን የሚያሮጠው አምፖል ብቻ እንዳልሆነ እመቤቶች ያውቁታል፤ 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ አራቱ ኤልኢዲዎች በወር የሚፈጁትን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ከቤት ይልቅ ትርፉ ጎልቶ የሚታየው በአገር ደረጃ ነው፤ ሁሉም በአንድ ምሽት ሲያበራ ከፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ ጀምሮ እስከ ሩቁ ግድብ ድረስ የሚጠየቀው ኃይል ይከብዳልና። ፊንጫ ራሱ በወለጋ ምድር ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአገሪቱ ኃይል ሲያመነጭ፣ ብዙው የአካባቢው ገጠር ግን በኩራዝ ማምሸቱ የሚያስገርም ነገር ነው።

ለቆላ ሰው ዋናው ምሥጢር ያለው በአምፖሉ አንገት ውስጥ ነው። በዚያ የተሸሸገው፣ የ220 ቮልቱን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ለቅንጣቶቹ ወደሚስማማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ትንሽ ሰርኪዩት ሙቀትን አይወድም፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር እየደረቀ ሲሄድ ቢጫዎቹ ነጠብጣቦች ደህና ሆነው ሳለ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምርና ይጠፋል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 15,000 ወይም 25,000 ሰዓት እንግዲህ አየር ለሚያገኝ አምፖል የተባለ ነው፤ ኮርኒስ በሌለው ቤት ከቆርቆሮው ሥር ተጠግቶ ወይም በተደፈነ የመስታወት ሳህን ውስጥ ታፍኖ ለሚያድር አምፖል ያን ያህል ዕድሜ መመኘት የዋህነት ነው። ስለዚህ ገመዱን ረዘም አድርጎ ዝቅ ማድረግ፣ ሳህኑንም ማውለቅ ይበጃል፤ መብራት ሲሄድም ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት፣ ሲመለስ አብሮ የሚመጣው የቮልት ግፊት ያንኑ ሰርኪዩት እንዳያቃጥለው ይጠብቀዋል።

በገዢና በሻጭ መካከል የሚነገረው ዋት ቢሆንም፣ ዋት የሚበላውን እንጂ የሚያበራውን አይነግርም፤ የብርሃኑ መጠን ሉመን ነው፣ የ60 ዋቱም አምፖል ወደ 800 ሉመን ይሰጥ ነበር። ካርቶኑ ሉመኑን የማይጽፍ፣ በእጅም ሲመዝኑት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልል አምፖል፣ ሙቀቱን የሚያስወጣለት አልሙኒየም ተቆጥቦበት ይሆናልና ርካሽነቱ አያታልል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በድሮው አምፖል ምትክ በሚሊዮን ተቆጥረው የታደሉትን ጥምዝምዝ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ገና ያልጣለ ቤት ካለ ደግሞ፣ በውስጣቸው ሜርኩሪ ስላለ፣ ሲሰበሩ መስኮት ከፍቶ ልጆችን ማራቅና ስብርባሪውን በእጅ ሳይነኩ በወረቀት ሰብስቦ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።